ኦክታቪያ ሂል እና የሳዘርክ መናፈሻ

ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ ከለንደን ድልድይ ብዙ ሳይርቅ፣ ሳዘርክ በሚባለው ጥንታዊ ሰፈር ውስጥ አንዲት አነስተኛ የሕዝብ መናፈሻ ትገኛለች። ስፋቷ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። በአንድ ጎኗ ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ፊታቸውን ወደ እርሷ መልሰው ተደርድረዋል፤ በመካከሏ ኩሬ፣ ጠመዝማዛ የእግር መንገድ፣ የአበባ መደብና አግዳሚ ወንበሮች አሉ። የለንደንን ታላላቅ መናፈሻዎች ለመጎብኘት የሚመጣ እንግዳ ሳያያት ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ኦክታቪያ ሂል በከተማ ውስጥ አረንጓዴ ስፍራ ለማን፣ የትና በምን አኳኋን መዘጋጀት እንዳለበት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጥብቀው ያሰቡና የደከሙ ሴት ነበሩ፤ ሥራቸውንም ከብዙ ሰፋፊ ሜዳዎች ይልቅ ይህች ትንሽ ስፍራ አጉልታ ታሳያለች።

ኦክታቪያ ሂል የተወለዱት ዲሴምበር 3 ቀን 1838 በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው ዊዝቢች ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ የተገለጹት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው)። አባታቸው ጄምስ ሂል እህል ነጋዴ ነበሩ። ኦክታቪያ የሚለው ስም በላቲን ስምንተኛ ማለት ሲሆን፣ የተሰጣቸውም ለአባታቸው ስምንተኛ ሴት ልጅ ስለነበሩ ነው። ገና ሕፃን ሳሉ፣ በ1840፣ የአባታቸው ንግድ ከሰረ፤ አባትየውም ከኪሳራው በኋላ መንፈሳቸው ተሰብሮ ቤተሰባቸውን ለማስተዳደር የማይችሉ ሆኑ። እናታቸው ካሮላይን አምስት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው፣ በአባታቸው በዶክተር ቶማስ ሳውዝዉድ ስሚዝ እርዳታ፣ በዚያን ጊዜ ከለንደን በስተ ሰሜን የገጠር መንደር ወደነበረችው ፊንችሊ ሄዱ።

የእኒህ አያት ሙያ በልጅቱ የወደፊት ሕይወት ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ዶክተር ስሚዝ በለንደን የትኩሳት ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪም ሲሆኑ፣ ልክ ኦክታቪያ በተወለዱበት ዓመት በምሥራቅ ለንደን ድሃ ሰፈሮች ትኩሳት ለምን እንደማይጠፋ መርምረው ለመንግሥት ዘገባ አቅርበው ነበር። ያገኙትም በሽታው ከመኖሪያው ጥበት፣ ከፍሳሹ ብልሽትና ከአየሩ መታፈን ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው። ኦክታቪያ ስለ ድሃ ሰፈሮች ሁኔታ ከአያታቸው እየሰሙ፣ እግራቸው ግን በፊንችሊ ሜዳና ቁጥቋጦ መካከል እንደ ልቡ እየሮጠ አደጉ። ከተማሪ ቤት የገቡበት ጊዜ አልነበረም፤ ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው።

በ1852 እናትየው በለንደን መካከል ለሴቶች ሥራ የሚሰጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር አስተዳዳሪ ሆነው ሲቀጠሩ ቤተሰቡ ወደ ከተማ ገባ። የሜዳ ልጅ ለነበሩት ኦክታቪያ ለውጡ ከባድ ነበር። ገና በ14 ዓመታቸው ግን የማኅበሩን አንድ ክፍል በኃላፊነት ያዙ፤ ክፍሉም ከነዳያን ትምህርት ቤት የመጡ ሕፃናት የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ የሚሠሩበት ነበር። ኦክታቪያ ሥራውን ያከፋፍላሉ፤ ሒሳቡን ይይዛሉ፤ ምሳውም በጋራ እንዲበላ ያደርጋሉ። ከሥራ የቀረችውን ልጅ ለመጠየቅ ወደ ቤቷ ሲሄዱ፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ እርጥብ ክፍል ታጭቆ የሚኖርበትን ሁኔታ በዐይናቸው አዩ። በዕረፍት ቀን ልጆቹን ከከተማ አውጥተው ወደ መስክ ይወስዷቸው ነበር። ሳር የረገጡት ለመጀመሪያ ጊዜ የሆኑ ልጆች ከመካከላቸው መኖራቸው፣ የሁለቱን ዓለማት ርቀት ለወጣቷ ኃላፊ ያለ ማስተማሪያ አስተማረ።

በዚያው ዘመን ከታዋቂው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ከጆን ረስኪን ጋር ተዋወቁ። ረስኪን የሥዕል ተሰጥኦ እንዳላቸው አይተው የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እንዲቀዱላቸው ቀጠሯቸው፤ ኦክታቪያም ለዓመታት በዚህ ሥራ ተዳደሩ። ሆኖም ልባቸው ከሥዕሉ ይልቅ ወደ ተከራዮቹ ቤት ያደላ ነበር። ረስኪን በ1864 ከአባታቸው ብዙ ሀብት በወረሱ ጊዜ ኦክታቪያ አሳባቸውን ነገሯቸው፤ በ1865 በሜሪሊቦን ሰፈር፣ ገነት ቦታ የሚል ስም ባለው ነገር ግን ከስሙ ጋር ጨርሶ በማይገጥም መንደር፣ ሦስት የተጎሳቆሉ ቤቶች በረስኪን ገንዘብ ተገዙ። ረስኪን ያቀረቡት ሁኔታ አንድ ነበር፤ ሥራው ልግስና ብቻ ሆኖ እንዳይቀርና ሌሎች ባለ ገንዘቦችም እንዲከተሉት፣ ቤቶቹ በዓመት 5 በመቶ ትርፍ ያስገቡ።

ኦክታቪያ ቤቶቹን ያስተዳደሩበት ዘዴ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ መታከት የሚፈጸም ነበር። በየሳምንቱ ራሳቸው ወይም ያሠለጠኗቸው ሴቶች ከቤት ወደ ቤት ሄደው ኪራይ ይሰበስባሉ። ኪራዩ በወቅቱ እንዲከፈል አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ጣሪያው ሲያፈስ፣ መስኮቱ ሲሰበር፣ ፍሳሹ ሲደፈን ደግሞ ጥገናው ሳይዘገይ ይፈጸማል። ከ5 በመቶው የተረፈው ገንዘብ ተከራዮቹ ራሳቸው ለሚመርጡት ማሻሻያ ይውላል። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በ1874፣ በእርሳቸው አስተዳደር ሥር 15 የቤት ይዞታዎችና ወደ 3,000 የሚጠጉ ተከራዮች ነበሩ።

ቤቶቹ እየተጠገኑ ሲሄዱ ግን አንድ ሌላ ጉድለት ግልጽ ሆነ። ክፍሉ ቢጸዳም፣ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ውስጥ ይውላል። በበጋ ምሽት ሙቀቱና ጠረኑ አላስቀምጥ ሲል ሰው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ውጭ ያለው ግን ጭቃና ጎዳና፣ አለዚያም መጠጥ ቤት ነው። ልጆች የሚጫወቱት በጋሪ መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ በ1866 በሜሪሊቦን ፍሬሽዋተር ፕሌስ በተባለው ግቢ ተጨማሪ ቤቶች ሲገዙ፣ ኦክታቪያ ከቤቶቹ እኩል ዐይናቸውን የጣሉት ከጎን ባለው ባዶ መሬት ላይ ነው። መሬቱ የበሰበሱ ዳሶች የሞሉበት፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ስፍራ ነበር። ዳሶቹ ፈረሱ፤ ዙሪያው ታጠረ፤ ዛፍና ሐረግ ተተከለ፤ ለልጆች መጫወቻም ተለየ።

የአካባቢው ሰው ሥራውን ወዲያው በደስታ የተቀበለው እንዳይመስል። አጥሩ ተነቀለ፤ የተተከለው ተሰበረ፤ ለመጫወት የገቡት ልጆች ይደባደቡ ጀመር። ኦክታቪያ በዚህ ጊዜ በሩን አልዘጉም፤ ልጆቹን ጨዋታ የምታስተምርና የምትጠብቅ ሰው አቆሙ እንጂ። የሜይ ወር በዓል በአበባ በዚያ እንዲከበር አደረጉ፤ የአጥር ግንብ ሥራም ለጊዜው ሥራ ለፈቱ ተከራዮች መተዳደሪያ ሆነላቸው። መናፈሻ የሚበላሸው ሰው ስለሚበዛበት ሳይሆን ተንከባካቢ ስለሚያጣ ነው የሚለው እምነታቸው የመነጨው ከዚህች ግቢ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ባቋቋሟቸው አፀዶች ሁሉ ከዛፉና ከአበባው ጋር ጠባቂውና አትክልተኛው አብረው ታስበዋል።

ይህ ልምድ ቀስ በቀስ ወደ ሰፊ አስተሳሰብ አደገ። በጽሑፎቻቸውና በንግግሮቻቸው የከተማ ነዋሪ አራት ዓይነት ስፍራ እንደሚያስፈልገው ያስረዱ ነበር፤ ይኸውም የሚቀመጥበት፣ የሚጫወትበት፣ በእግሩ የሚንሸራሸርበትና አንድ ሙሉ ቀን የሚያሳልፍበት። የመጨረሻው ከከተማ ወጣ ያለ ሰፊ መስክ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን ከደጃፉ ሊርቅ አይገባም። አረጋዊ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ የተመለሰ ሠራተኛ ወደ ሃይድ ፓርክ ለመሄድ ጉልበትም ጊዜም የለውም። ለእነዚህ ሰዎች ትንሿ የሰፈር አፀድ ከቤት ውጭ የተዘረጋች የጋራ ሳሎን ናት። በኋላ፣ በ1888 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከለንደን እምብርት በስተ ምዕራብና በስተ ምሥራቅ ያለውን ክፍት ቦታ ከነዋሪው ቁጥር ጋር እያነጻጸሩ አስልተው፣ የምሥራቁ ሰው ድርሻ ከምዕራቡ ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ስሜትን ከማነሣሣት ይልቅ ቁጥር ማቅረብን የሚመርጡ ሴት ነበሩ።

ቁጥርም ሆነ ስሜት ብቻውን የማይበቃበትን ጊዜ ግን ቀደም ሲል በ1875 ቀምሰውታል። በሰሜን ምዕራብ ለንደን ስዊስ ኮቴጅ የተባለ መስክ ነበር፤ ከሜሪሊቦን ድሃ መንደሮች በእግር የሚደረስበት የቅርቡ ገጠር ነው። ኦክታቪያ በልጅነታቸው ያውቁታል። መሬቱ ለቤት መሥሪያ ሊሸጥ መሆኑ ሲሰማ፣ ለሕዝብ ለማስቀረት 10,000 ፓውንድ እንደሚያስፈልግ ተነገራቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ደብዳቤ እየጻፉና ደጅ እየጠኑ፣ ከ8,000 ፓውንድ በላይ የሚሆን ቃል ኪዳን አሰባሰቡ። የቀረው ጥቂት ነበር። በዚያን ጊዜ ባለ መሬቶቹ አሳባቸውን ለውጠው ሽያጩን ሰረዙት። መስኩ ተቆርሶ ጎዳና ወጣበት፤ ቤት ተሠራበት፤ ዛሬም ያው ነው።

ይህ ሽንፈት በሕይወታቸው ከደረሱት ድሎች የሚበልጥ ትምህርት ሆኗቸዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተጎሳቆለ ቤት ዛሬ ባይጠገን በሚመጣው ዓመት ሊጠገን ይችላል፤ የተሠራበት መስክ ግን አይመለስም። በዚያው ጊዜ ኦክታቪያ ለንደንን ዙሪያዋን የሚከብ አረንጓዴ ቀበቶ ሊኖር ይገባል ብለው መከራከር ጀመሩ፤ ይህን አጠራር ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷም ናቸው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሳቡ የብዙ ከተሞች የፕላን መመሪያ ሆኗል።

ከሽንፈቱ በኋላ ሥራው ድርጅታዊ መልክ ያዘ። ታላቅ እህታቸው ሚራንዳ ውበትን ወደ ድሆች መኖሪያ ለማድረስ ያቀረቡት አሳብ በ1876 የከርል ማኅበር እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ። ማኅበሩ የተሰየመው በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮስ ከተማ ይኖሩ በነበሩት፣ ለከተማቸው ሕዝብ መናፈሻ ባዘጋጁት በጆን ከርል ስም ነው። ኦክታቪያ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሲሆኑ፣ የክፍት ቦታዎች ክፍል ዋና አንቀሳቃሽም እርሳቸው ነበሩ። በዚህ ክፍል የሕግ አማካሪ ሆነው የተሰለፉት ሮበርት ሀንተር ናቸው። ሀንተር በእንግሊዝ የወል መሬቶች በባለ ርስቶች እንዳይታጠሩ በፍርድ ቤት ተከራክረው ያሸነፉ ጠበቃ ነበሩ፤ ኦክታቪያ የማያውቁትን የሕግ መንገድ እርሳቸው ያውቁ ነበር።

ለንደን ውስጥ ባዶ መሬት ከየት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ የመቃብር ስፍራ ነው። በከተማው መካከል ያሉ አብያተ ክርስቲያናት አፀደ መቃብሮች ሞልተው ስለነበር ቀብር ከተከለከለባቸው ቆይቷል፤ በራቸው ተቆልፎ፣ አረም ውጧቸውና ቆሻሻ ተጥሎባቸው ይገኙ ነበር። የከርል ማኅበርና ሌሎች መሰል ማኅበራት እነዚህን ስፍራዎች ለሕዝብ ለማስከፈት ደከሙ። በ1881 የወጣው የክፍት ቦታዎች ሕግና በ1884 የወጣው በአሮጌ መቃብሮች ላይ ሕንፃ መሥራትን የሚከለክል ሕግ ሥራውን አጸኑት። ዛሬ በለንደን መካከል፣ የመቃብር ድንጋዮች በግድግዳ ዳር የተደገፉባቸው ጸጥተኛ አፀዶች በብዛት የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚሁ ጋር የከርል ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ የከሰል ጭስ እንዲቀነስ ተሟግቷል፤ ጭስ የማያበዙ ምድጃዎች የቀረቡበት ኤግዚቢሽንም በ1881 በለንደን ተካሂዷል። በጭስ የታፈነ ሰፈር የተከሉትን ዛፍ እንደሚያደርቅ አትክልተኞቹ ዕለት ዕለት ያዩት ነበር።

እነዚህ ዓመታት ለኦክታቪያ የኀዘን ዓመታትም ነበሩ። በ1877 ከረስኪን ጋር ያላቸው ወዳጅነት ተሻከረ፤ ረስኪን ቅሬታቸውን በሚያሳትሙት መጽሔት ላይ ለሕዝብ አወጡት። ከሥራው ብዛት የተዳከመው ጤናቸው በዚህ ላይ ሲጨመር ጨርሶ ወደቁ፤ ለረጅም ጊዜም ከሥራ ርቀው በውጭ አገር ለማገገም ተገደዱ። ሲንከባከቧቸው የነበሩት ሃሪየት ዮርክ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው የቅርብ አጋራቸው ሆነዋል። በሌሉበት ጊዜ ቤቶቹን ያስተዳደሩት ያሠለጠኗቸው ሴቶች ናቸው፤ ሥራውም አልቆመም።

በ1884 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ንብረት የሚያስተዳድረው ኮሚሽን በደቡብ ለንደን ያሉትን የተጎሳቆሉ ቤቶቹን እንዲያስተዳድሩለት ጠየቃቸው። ሳዘርክ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። ሰፈሩ የቢራ ጠመቃ፣ የጌሾ መጋዘን፣ የቆዳ ፋብሪካና የባቡር ድልድይ ተጨናንቀው የሚገኙበት ሲሆን፣ በመካከላቸው የቀን ሠራተኞች፣ ሥራ ፈላጊዎችና ጎዳና ላይ የሚነግዱ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። ኮሚሽኑ ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን ጥቅም የማይሰጥ አንድ ቁራጭ መሬትም ለኦክታቪያ አስረከበ። ቀደም ሲል የወረቀት ፋብሪካ ቆሞበት በእሳት የወደመበት ቦታ ነው። መሬቱ በቆሻሻ ወረቀት ተደፍኖ ስለነበር አትክልት ከመተከሉ በፊት ይህን ሁሉ ለሳምንታት ማቃጠልና ማጽዳት አስፈለገ። ከዚያ በኋላ ለም አፈር ከሌላ ቦታ ተጭኖ መጣ።

በ1887 አፀዱ ተዘጋጀ፤ በሚቀጥለው ዓመት በጁን ወር የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ በይፋ ከፈቱት። በቦታው ጥበት ምክንያት እያንዳንዱ ክንድ መሬት ታስቦበታል። ጠመዝማዛው መንገድ ትንሹን ስፍራ ትልቅ ያስመስለዋል። ወርቃማ ዓሣ የሚዋኝበት ኩሬ፣ የሙዚቃ ጓድ የሚጫወትበት መድረክ፣ ዝናብ ሲሆን ልጆች የሚጠለሉበት ጣሪያ ያለው መጫወቻ፣ በግድግዳው ላይም ከብርጭቆ ቁርጥራጭ የተሠራ ሥዕል ነበረበት። ከአፀዱ ጎን አርክቴክቱ ኤላይጃ ሁል የነደፏቸው ስድስት ትንንሽ ቤቶች ተሠሩ። ብዙዎች በዚያ ዘመን ለሠራተኞች መኖሪያ ይስማማል ብለው የሚያምኑት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃን ነበር፤ ኦክታቪያ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ደጃፍ እንዲኖረው ፈለጉ። ቤቶቹ ወደ ጎዳናው ሳይሆን ወደ አፀዱ እንዲመለከቱ መደረጋቸው ዐቢይ ነገር ነው። አንዲት እናት ከመስኮቷ ሳትርቅ ልጇ ሲጫወት ታያለች፤ አፀዱም ያለ ዘበኛ የሚጠብቁት ዐይኖች ያገኛል።

ከቤቶቹ አጠገብ የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ተሠራ። በእሑድ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ ይሰማበታል፤ ቲያትር ይታይበታል፤ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎትም ነበረው። ግድግዳውን እንዲያስጌጡ የተጋበዙት ሠዓሊው ዋልተር ክሬን ናቸው። የተመረጠው ርዕስ ግን የነገሥታት ገድል አልነበረም። ከሥዕሎቹ የመጀመሪያው የሚያሳየው አሊስ ኤርስ የተባለችውን የሳዘርክ ወጣት ነው፤ በ1885 በዚያው ሰፈር ቤት ሲቃጠል የእህቷን ልጆች አንድ በአንድ በመስኮት አውጥታ፣ እርሷ ግን በደረሰባት ጉዳት ሞታለች። ክሬን የጀመሩት ተከታታይ ሥዕል በሙሉ አልተጠናቀቀም። ቢሆንም አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ የሳዘርክ ሰው ከራሱ መንደር የወጣች ጀግና ከግድግዳው ላይ ሆና ስትመለከተው ያይ ነበር።

ትንንሾቹን ስፍራዎች ሲያቋቁሙ ትልልቆቹንም አልዘነጉም። ከሳዘርክ ብዙ በማይርቀው በላምቤዝ፣ ዐይነ ስውሩ የፖስታ ሚኒስትር ሄንሪ ፎሴት ይኖሩበት የነበረው ስፍራ ለቤት መሥሪያ ሊውል ሲል፣ ኦክታቪያ ከባለቤታቸው ከሚሊሰንት ፎሴትና ከሌሎች ጋር ሆነው ተሟገቱ፤ ቮክስሆል ፓርክ በ1890 ተከፈተ፤ ዕቅዱን ያዘጋጁትም የአትክልት ቦታ ነደፋን በሙያነት ከያዙት የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያት አንዷ ፋኒ ዊልኪንሰን ናቸው። ከሃምፕስቴድ ጋር የሚያያዘው የፓርላማ ኮረብታ መስክ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በ1889 የሕዝብ ሆነ፤ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ሂሊ ፊልድስ የተባለው ኮረብታም በ1896 ተከፈተ። በእነዚህ ሁሉ ሥራው የብዙ ሰዎች ነው፤ የእርሳቸው ድርሻ በተለይ ገንዘብ ማሰባሰቡና የአካባቢ አስተዳደሮችን ያለ ዕረፍት መወትወቱ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት የገጠማቸው አንድ ጉዳይ ደግሞ ወደ ሰፊ ውጤት አመራ። በዴትፈርድ ሰፈር፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ደን መጽሐፍ የጻፉት ጆን ኤቭሊን ያለሙት ሴይስ ኮርት የተባለ ጥንታዊ አፀድ ነበር። የኤቭሊን ዘር የሆኑት ባለ ርስት በ1884 አፀዱን ለሕዝብ ለመስጠት ፈልገው ኦክታቪያን አማከሩ። ስጦታው አለ፤ ሰጪውም ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን መሬት ተቀብሎ ለዘለዓለም የሕዝብ አድርጎ የሚይዝ በሕግ የቆመ አካል በአገሩ አልነበረም። ስዊስ ኮቴጅ ላይ የጠፋው ገንዘብና ፈቃደኛ ሻጭ ነበር፤ እዚህ ግን የጠፋው ተቀባይ ሆነ። ሮበርት ሀንተር ለዚህ የሚሆን ማኅበር እንዲቋቋም አሳብ አቀረቡ፤ አሳቡ እስኪፈጸም አሥር ዓመት ቆየ። በጃንዋሪ 1895 ኦክታቪያ ሂል፣ ሮበርት ሀንተርና ቄስ ሃርድዊክ ሮንስሊ ናሽናል ትረስት የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያ ይዞታው በዌልስ ባሕር ዳርቻ በስጦታ የተገኘ ሁለት ሄክታር ያህል ገደል ነበር። ድርጅቱ ዛሬ በብሪታንያ ካሉት ታላላቅ ባለ መሬቶች አንዱ ነው፤ ታሪኩ ለብቻው ሰፊ ጽሑፍ ይጠይቃል።

ኦክታቪያ ሂል በሁሉም ነገር ዘመናቸውን የቀደሙ ሴት እንዳልነበሩ መግለጽ ተገቢ ነው። ኪራዩን ያልከፈለ ተከራይ ከቤቱ ይወጣ ነበር። ማዘጋጃ ቤት ለድሆች ቤት እንዲሠራ፣ መንግሥትም ለአረጋውያን ጡረታ እንዲከፍል አልደገፉም፤ ሰው ራሱን የመቻል ልማዱን ያጣል የሚል ፍርሃት ነበራቸው። ብዙ ሴቶችን ለሥራና ለኃላፊነት ያበቁ ሲሆኑ፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የሚደረገውን ትግል ተቃውመዋል። በ1905 የድሆች ሕግ መርማሪ ኮሚሽን አባል ሆነው ሲሾሙ እነዚህን አቋሞች ይዘው ገቡ፤ ብዙዎቹንም ዘመኑ አልፏቸዋል። በእጃቸው ሊደርሱ የሚችሉት ቤቶች ከከተማዋ ችግር ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ነበሩና፣ በኋላ ማዘጋጃ ቤቶች የተረከቡት የቤት ሥራ በእርሳቸው መንገድ ብቻ ሊፈጸም የሚችል አልነበረም። ስለ ክፍት ቦታ ግን አቋማቸው ከዚህ ይለያል፤ መሬት በሕግና በሕዝብ ገንዘብ እንዲጠበቅ ምክር ቤቶችንና ፓርላማውን ከመጠየቅ ወደ ኋላ ብለው አያውቁም።

ኦክታቪያ ሂል ኦገስት 13 ቀን 1912 በሜሪሊቦን ባለው መኖሪያ ቤታቸው በ73 ዓመታቸው አረፉ። ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር አቤይ እንዲቀበሩ የቀረበውን አሳብ ቤተሰባቸው አልተቀበለውም፤ በኬንት በምትገኘው ክሮካም ሂል መንደር ከእህታቸው ከሚራንዳ አጠገብ ተቀበሩ።

የሳዘርክ አፀድ ታሪክ ከእርሳቸው በኋላም ቀጠለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፀዱን ዕለት ዕለት የሚንከባከቡት እጆች እየቀነሱ ሲሄዱ ኩሬው ተደፈነ፤ የሙዚቃው መድረክ ፈረሰ፤ ጠመዝማዛው መንገድና የአበባ መደቦቹ ጠፍተው ስፍራው ተራ ሳር ሜዳ ሆነ። መሬቱ ግን አልተሸጠም፤ ቤት አልተሠራበትም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የአካባቢው ነዋሪዎችና በሰፈሩ ክፍት ቦታዎች ላይ የሚሠራ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የጥንቱን ዕቅድ ተከትለው አደሱት፤ በ2006ም እንደገና ተከፈተ። ኩሬው ዳግመኛ ውሃ ይዟል፤ በቤቶቹም ሰው ይኖርባቸዋል። በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአቅራቢያው ያሉ ሠራተኞች ምሳቸውን ይዘው መጥተው በአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ይቀመጣሉ።